ዓይን በላው የተባለ እጅ

ሸማ ተራ ውስጥ ከእኔ ይልቅ እጄ ይታወቅ ነበር። ስሜን የማያውቁ ደንበኞች እናቴን «ያቺ እጇ የማያርፈው ልጅሽ ትቋጭልኝ» ይሏታል። ነጠላ ከሸማኔ ሲመጣ በሁለቱም ጫፍ ያልተሸመነ ክር ተንጠልጥሎበት ነው። ያንን ክር ትንሽ ትንሽ ቆንጥሮ፣ ጭን ላይ አሽቶ አክርሮ፣ ሁለት ሁለቱን አንድ ላይ ገምዶ ጫፉን መቋጠር ያስፈልጋል። አለዚያ ጫፉ ይተረተራል፤ አያምርምም። መቋጨት የሚባለው ይኼ ነው። ሌላ ሰው አንድ ነጠላ ሲጨርስ እኔ ሁለተኛዬን አጋምሳለሁ። የቀሚሴ ቀኝ ጎን፣ ጭኔ ላይ፣ ከመታሸት ብዛት ሳስቶ ነበር።

እናቴ በዚህ ትኮራለች። «ለሰባት ወንድ አልለውጣትም» ትላለች፣ እኔ እየሰማሁ።

እኔ ግን የማያርፈው እጄ እንዳልሆነ አውቅ ነበር። ክር ስገምድ ትንፋሼ ልክ ይይዛል። ስተወው አንድ ነገር ይመጣል። ስለዚህ አልተወውም። በእረፍት ሰዓት፣ ቴሌቪዥን ሳይ፣ ትምህርት ቤት ደግሞ የሹራቤን ጫፍ ሳይቀር እየተረተርኩ እገምደዋለሁ።

መጀመሪያ የመጣው ታክሲ ውስጥ ነው። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ አሥራ አንደኛ ክፍል፣ ኅዳር ውስጥ። ሲኒማ ራስ ጋ ታክሲው እስኪሞላ እንጠብቃለን። እኔ ኋላ ወንበር ላይ መሃል ነኝ። በግራዬ አንድ ሴትዮ ግማሽ ማዳበሪያ ሽንኩርት ጉልበታቸው ላይ አቅፈዋል፤ በቀኜ አንድ ሰውዬ ስልክ ላይ «ከመጋዘን ወጥቷል ብዬሃለሁ እኮ!» ይላል። ምንም የተለየ ነገር አልነበረም። ይኼን ደጋግሜ የምናገረው በኋላ ሁሉም ሰው «ምን አይተሽ ነው?» ስለሚለኝ ነው። ምንም አላየሁም። ልቤ አንድ ምት ዘለለና ከዚያ የሚያሳድደው እንዳለ ሰው መሮጥ ጀመረ። ጣቶቼ ደነዘዙ። አየር አለ፤ ግን ወደ እኔ አይገባም። ልሞት እንደሆነ አወቅሁ። መሰለኝ አላልኩም፤ አወቅሁ ነው ያልኩት። ዩኒፎርም ለብሼ፣ ሽንኩርት እየሸተተኝ።

«ወራጅ አለ!» ብዬ ጮኽኩ።

ሾፌሩ በመስታወት አየኝ። «ገና ሳንነሳ ወራጅ? ወንበሩን ልትሞክሪው ነው እንዴ የገባሽው?»

ሰው ሳቀ። ሴትዮዋ ማዳበሪያቸውን እንደምንም እያነሱ «ተዋት፣ ደብተር ረስታ ይሆናል» አሉ። ወረድኩ። አስፋልቱ ዳር ቆሜ የአንገቴን ደም ሥር በሁለት ጣት ያዝኩና ቆጠርኩ። ከዚያ ቀን በኋላ በየሰዓቱ መቁጠር ልማድ ሆነብኝ።

ለእናቴ አልነገርኳትም። አባቴ የሞተው እኔ አራት ዓመት ሳለሁ፣ ድንገት፣ ከሱቅ ተመልሶ ጫማውን እያወለቀ ነው። «ልቡ ነው» ይላሉ። ቤታችን ውስጥ «ልብ» የሚባለው ቃል ከዚያ ወዲህ በተራ ነገር አይነሳም። «ልቤን አመመኝ» ብዬ እንዴት ልበላት?

ስለዚህ በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። ከመርካቶ እስከ ትምህርት ቤት በእግር አርባ ደቂቃ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ታክሲውን ገና ሳስበው መጣ። ከዚያ ሰልፍ ላይ መጣ። ከዚያ ክፍል ውስጥ፣ መምህሩ በስም ዝርዝር ወደ እኔ ሲቃረብ። በየቀኑ መሄድ የማልችልበት ቦታ አንድ አንድ ይጨምራል። መርካቶ ብቻ ነበረች የምትሻለኝ። እዚያ ማንም ቆሞ አያይሽም። ቆም ካልሽ ሰው ይገፋሻል፤ ሰው ካልገፋሽ ጋሪ ይገፋሻል፤ ጋሪ ከሌለ «ወዲያ በይ፣ ወዲያ በይ!» የሚል ድምፅ ይገፋሻል። ሁሉም የሚጣደፍበት ቦታ ላይ የምትንቀጠቀጥ ልጅ የምትጣደፍ ነው የምትመስለው።

መደበቅ ያቃተኝ ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ነው። ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ ስቋጭ ራሴን አዞረኝና ክምር ጋቢ ላይ ወደቅሁ። ያኔ ሁሉም ሐኪም ሆነ።

እናቴ «ምች ነው» አለች። ዳማከሴ አምጥታ በእጇ አሸችና ጭማቂውን ግንባሬ ላይ ቀባችኝ፤ አፍንጫዬ ሥር አስጠጋችልኝ። ጎረቤታችን የሆኑት ብርድ ልብስ ነጋዴ፣ ጋሼ የምላቸው፣ ከሱቃቸው በርጩማ ላይ ሳይነሱ «ምች አይደለም፤ ወላሂ ጨጓራ ነው» አሉ።

«ጨጓራ ራስ ያዞራል እንዴ ጋሼ?» አልኩ።

«የእኔ ጨጓራ ባለፈው ዓመት ወገቤን ነው ያመመኝ። ጨጓራ የማያደርገው ነገር የለም። አብሽ ስጧት።»

ፊት ለፊት ያሉት እትዬ ደግሞ ደም ማነስ ነው ብለው ቀይ ሥር አዘዙ። ዳማከሴውን ተቀባሁ፤ አብሹን ጠጣሁ፤ ቀይ ሥሩንም በላሁ። እውነት ለመናገር፣ ሲንከባከቡኝ ደስ ይለኝ ነበር። ነገሩ ግን መምጣቱን አልተወም።

ከዚያ አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ እጄን ቆማ ስታይ ቆየችና ሱቁ ሙሉ ሰው እየሰማ «ኧረ ይቺ ልጅ! ጣቷ እንዴት ነው የሚፈጥነው? እንዲህ ዓይነት እጅ አይቼ አላውቅም!» አለች። ይጠብቃት አላለች፣ ምን አላለች። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ነገሩ መጣብኝ። ክሩ ከእጄ ወደቀ፤ እናቴ ከንፈሬ ሲነጣ አየች።

ማታ ቤት ስንገባ ፈረደች። «ዓይን ነው። እጅሽን ዓይን በላው።»

ያኔ አልገባኝም እንጂ፣ እናቴ ዓይን መሆኑን ትፈልገው ነበር። ዓይን መድኃኒት አለው። ዓይን የያዘው ሰው ጫማውን ሲያወልቅ ወድቆ አይቀርም።

መፍትሔዋም የነጋዴ መፍትሔ ነበር፤ ውድ ዕቃ ከመደርደሪያ ላይ ተነሥቶ ወደ ውስጥ ይገባል። ሱቃችን ቆጥ አለው። በእንጨት መሰላል የሚወጣ፣ ቀጥ ብሎ የማያስቆም፣ ጋቢና ቡልኮ የምናከማችበት። «ከእንግዲህ እዚያ ሆነሽ ትቋጫለሽ። እጅሽን ሰው አያየውም» አለች።

«ትምህርት ቤትስ?»

«ትምህርት ቤት ዓይን የለም? እስኪሻልሽ ትቀሪያለሽ። ሙያ በእጅሽ አለ፤ አትራቢም።»

ደስ አለኝ። ይኼን መደበቅ አልፈልግም። ታክሲ የለም፣ ሰልፍ የለም፣ ስም የሚጠራ የለም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ቆጡ ላይ እንቅልፌን ጠግቤ ተኛሁ። በነጠላ ማጠፊያ ካርቶን ጀርባ ላይ ግጥም ጻፍኩ። ግጥም ማንም አላስተማረኝም፤ ቤት መምታት የለመድኩት ከሻጮች ጩኸት ነው። መርካቶ ውስጥ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ሁሉ ቤት ይመታል። ከጻፍኳቸው አንዷ ይቺ ናት፦

ልቤ እንደ በር ይንኳኳል፣ ማንም ሳይመጣ፤
ከፍቼ ባየው እኔው ነኝ፣ ከውስጥ የምወጣ።

በአራተኛው ቀን ነገሩ መሰላሉን ወጣ። ታክሲ ሳይኖር፣ ሰው ሳይኖር፣ ጋቢ መሃል። ያን ቀን ነው የፈራሁት፣ ከምንም በላይ። እስካሁን የምሸሽበት ቦታ ነበረኝ። አሁን ከቆጥ በላይ ቆርቆሮ ነው ያለው።

በሁለተኛው ሳምንት ክፍል ውስጥ አብራኝ የምትቀመጥ ልጅ በቴሌግራም ጻፈችልኝ። «ዩኒት ሊደሯ ስምሽን በየቀኑ እየጠራች ነው። ከገና በኋላ ወላጅ ይዘሽ ካልመጣሽ ከዝርዝር ትወጫለሽ አለች። የመንፈቅ ዓመቱን ፈተና አትፈተኚም።» መልእክቱን አነበብኩ፤ ወደ ታች አየሁ። እናቴ ለአንዲት ደንበኛ «ልጄ ናት የቋጨችው፤ ከእንግዲህ ሙሉ ቀን እዚሁ ናት» ስትል ሰማኋት። ድምፅዋ ውስጥ ኀዘን አልነበረም። እንዲህ ሆኖ ሊቀር ይችላል ማለት ነው። በዓል ይመጣል፣ ሠርግ ይመጣል፣ እኔ ቆጥ ላይ ሰላሳ ዓመት ይሞላኛል።

ያን ቀን ስልኬ ላይ የሚሰማኝን እንዳለ በአማርኛ ጻፍኩና ፈለግኩ። ድንገት የልብ መምታት፣ የጣት መደንዘዝ፣ ልሞት ነው ማለት። አንዲት ነጭ ጋውን የለበሰች ሐኪም የምታወራበት ቪዲዮ መጣ። ጋቢ ተከናንቤ ድምፁን ዝቅ አድርጌ አየሁት። ሐኪሟ ምልክቶቹን ስትዘረዝር አንድ በአንድ የእኔ ነበሩ። የሽንኩርቱ ሽታ ብቻ ነው የቀራት። ከዚያ ስሙን ተናገረች፤ ጭንቀት።

ተናደድኩ። ጭንቀት? ጭንቀት ኪራይ የደረሰበት ሰው ነገር ነው። ዕቃው ጉምሩክ ላይ የቆመበት ነጋዴ ነገር ነው። ለመጨነቅ ምክንያት ያስፈልጋል ብዬ ነበር የማስበው፤ እኔ ደግሞ ምክንያት የለኝም። ሐኪሟ ግን ልክ እንደሰማችኝ «ያለ ምክንያትም ይመጣል፤ ሕመም ነው፤ ይታከማል። አቅራቢያችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ሂዱ» አለች። ያንን ቪዲዮ አሥራ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ።

ከዚያ ደግሞ ዘጠኝ ቀን ዝም አልኩ። አንድ ነገር ስታውቂ የምትናገሪው ይመስልሻል። እኔ ግን እናቴ ምን እንደምትል ቀድሜ አውቄው ነበር፤ ወይ «ምን ጎደለብሽና ነው የምትጨነቂው?» ትላለች፣ ወይ ደግሞ «ልጄ አበደች» ብላ ታለቅሳለች። ሁለቱንም መቋቋም አልችልም። ስለዚህ ክር ገመድኩ።

ለጥር ሠርግ ትልቅ ትእዛዝ መጣ። ለሚዜዎች አሥራ ሁለት ነጠላ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት አረንጓዴ ጥለት። ቆጡ ላይ ተደርድረው ተሰጡኝ። በሦስት ቀን ጨረስኩ። አጣጥፌ፣ ካርቶን አስገብቼ፣ በመሰላሉ አቀበልኩ።

የሙሽራዋ አክስት ልትረከብ መጣች። ከላይ ሆኜ በሳንቃው ክፍተት አያታለሁ። የመጀመሪያውን ነጠላ ይዛ ዘረጋችው። ሁለተኛው ተከትሎት ወጣ። ሳበችው፤ ሦስተኛው መጣ። አራተኛው ከካርቶኑ ጋር ተጎትቶ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሁሉ ይዞ ወደቀ። የአንዱን ነጠላ ክር ከሌላው ነጠላ ክር ጋር ገምጄ፣ ቋጥሬ፣ አራት ነጠላ አንድ አድርጌ ሰፍቼዋለሁ ማለት ይቻላል። መቼ እንዳደረግኩት አላውቅም። ሲሠራ የነበረው እጄ ነው፤ እኔ እዚያ አልነበርኩም።

ተራው በሙሉ ወጥቶ አየ።

«እንዴ! ሙሽሮቹ ሳይጋቡ ነጠላዎቹ ተጋቡ!» አለ አንዱ።

«በሕግ ይሁን በቁርባን?»

«አራት ናቸው እኮ፤ ጋሼ፣ ይኼ በእናንተ ነው የሚሆነው!»

«በእኛም ቢሆን ባል ያስፈልጋል» አሉ ጋሼ ከበርጩማቸው። «ይኼ አራቱም ሚስት ነው።»

አክስትየዋ ሳይቀር እየሳቀች «ቅዳሜ እመለሳለሁ፤ ብቻ ፍቱልኝ» ብላ ሄደች። እናቴ ግን አልሳቀችም። መሰላሉን ስትወጣ ሰማኋት። እሷ ወደ ቆጥ አትወጣም፤ ጉልበቷን ያማታል። አራቱን ነጠላ በክንዷ ተሸክማ ጎንበስ ብላ ገባችና ፊት ለፊቴ ዘረገፈቻቸው።

«አሾፍሽብኝ?»

ልመልስ ስል ነገሩ መጣ። እያየችኝ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አየር ፈለግኩ። የእናቴ ቁጣ ከፊቷ ላይ ሲጠፋ አየሁ፤ ከሥሩ የነበረው ደግሞ ሲወጣ። የአባቴ ጫማ ነው የታያት።

«እማዬ» አልኩ፣ በግማሽ ትንፋሽ። «ምች አይደለም። ዓይንም አይደለም። እፈራለሁ።»

«ምንን?»

«ምንንም።»

«ማን ምን አደረገሽ? ንገሪኝ!»

«ማንም ምንም አላደረገኝም። ዝም ብዬ እፈራለሁ። ሕመም ነው። ስልኬ ላይ አይቼዋለሁ። ይታከማል።»

ሲያልፍልኝ ቁጭ አለች። አንዱን ቋጠሮ በጥርሷ ፈታች። እኔም ሌላውን ያዝኩ። መፍታት ከመቋጨት በጣም ይከብዳል፤ አጥብቄ ነበር የገመድኩት። ሁለተኛውን ነጠላ ስናላቅቅ ተናገረች።

«ሰባት ቀን ጠበል ትጠመቂያለሽ። ከዚያ እናያለን።»

እኔ ሸማ ተራ ተወልጄ ዋጋ መከራከር የማልችል ልጅ ነኝ። ደንበኛ «ቀንሺ» ሲለኝ እቀንሳለሁ፤ እናቴ በዚህ የተነሣ ሽያጭ አታስነካኝም። ያን ቀን ግን ከየት እንደመጣ አላውቅም።

«ሦስት ቀን» አልኩ።

«በጠበል ትከራከሪያለሽ?»

«ጠበሉን እተዋለሁ አላልኩም። ጠዋት ጠዋት እንሄዳለን። በሦስተኛው ቀን ከጠበሉ በቀጥታ ጤና ጣቢያ።»

«አምስት።»

«ፈተናው ደርሷል እማዬ። ከዝርዝር ይሰርዙኛል። ሦስት።»

«አራት። የመጨረሻ ነው።»

«ሦስት» አልኩና ነጠላውን አስቀምጬ ፊቴን አዞርኩ። ገበያተኛ ከሱቅ ሊወጣ ሲል እንደሚያደርገው።

እናቴ የያዘችውን ቋጠሮ ለቀቀችው። የሳቀች መሰለኝ፤ ግን እርግጠኛ አይደለሁም፤ አምፖሉ ከኋላዋ ነበር። «ይሁን፣ ሦስት። ግን ለማንም ትንፍሽ አትይም። ለተራውም፣ ለትምህርት ቤትም። በአባቴ አጥንት በይ።»

«በአባቴ አጥንት» አልኩ።

በሦስተኛው ቀን፣ ፀጉሬ ገና እርጥብ ሆኖ፣ ጤና ጣቢያ ገባን። እናቴ ፌስታል ውስጥ ሁለት ነጠላ ይዛ ነበር፤ የምታውቀው ሰው ቢያገኘን ለደንበኛ ልናደርስ ነው ልትል። ካርድ አወጣን። ወረፋው ረጅም ነው፤ ሕፃን ያቀፉ እናቶች፣ እጁን በፋሻ የጠቀለለ በያጅ። መጀመሪያ ጠቅላላ ምርመራ ገባሁ። ግፊቴን ለኩ፤ ደም ወሰዱ፤ ደረቴን ፊትም ኋላም አዳመጡ፤ ሽቦ ያለው መሣሪያ ደረቴ ላይ ለጥፈው ወረቀት ላይ መስመር አወጡ። እናቴ መስመሩን እንደ ጥለት ታየዋለች፤ የት እንደተሳሳተ ለማግኘት።

ሐኪሟ ወረቀቱን አየችና «ልቧ ደህና ነው» አለች።

እናቴ «ደግመሽ በይልኝ» አለች።

«ልቧ ጤነኛ ነው እናቴ። ደሟም ደህና ነው።»

እናቴ ወንበሩን ሳታይ ተቀመጠች፤ ለጥቂት ነው ያገኘችው። የነጠላዋን ጫፍ ዓይኗ ላይ አደረገች። አሥራ ሁለት ዓመት የያዘችውን ነገር በዚያች ደቂቃ ያስቀመጠች መሰለኝ። እኔ ግን፣ ይኼን መናገር ያሳፍራል፣ ቅር አለኝ። ልቤ ደህና ከሆነ የታመምኩት እኔ ነኝ ማለት ነው።

ሐኪሟ ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ ላከችን። በሩ ላይ «የአእምሮ ጤና» ይላል። እናቴ ቆመች።

«እዚህ አይደለም። ተሳስታለች።»

«እዚህ ነው።»

«አንቺ ምንሽ ነው እብድ?»

«እብድ አይደለሁም። ግን እዚህ ነው እማዬ።»

አብራኝ አልገባችም። አልሄደችምም። በሩ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ከዓይኗ በስተቀር ፊቷን በሙሉ በነጠላ ሸፈነች፤ ፌስታሉን ጉልበቷ ላይ አድርጋ።

ውስጥ የነበረው ባለሙያ ወጣት ነው፤ ሹራብ ለብሶ፣ ስልኩ መስኮት ላይ ቻርጅ እየተደረገ። ሲመጣ ምን እንደሚሰማኝ ጠየቀኝ። እንደምረሳው ስለፈራሁ ካርቶን ላይ ጽፌው ነበር፤ አውጥቼ ሰጠሁት። አነበበ፣ ገለበጠ፣ ደግሞ አነበበ።

«ይኼ ግጥም ነው?»

«አዎ። ቤት አልመታ ሲለኝ ሁለት ምልክት ትቻለሁ።»

«የተውሻቸውን ንገሪኝ» አለ፣ ሳይስቅ።

እንቅልፌንና የምግብ ፍላጎቴን ነበር የተውኳቸው። ሌላም ጠየቀ። ራሴን ለመጉዳት አስቤ አውቅ እንደሆነ ጠየቀ፤ አስቤ አላውቅም አልኩ፤ እውነት ነበር። መሞትን እንጂ መኖርን ፈርቼ አላውቅም። ከዚያ ሰውነቴ ምን እየሠራ እንደሆነ በተራ ቃል አስረዳኝ፤ አውሬ በሌለበት ከአውሬ እንደሚሸሽ። ሲመጣ ልገታው ሳይሆን ላሳልፈው እንደምማር፣ በየሳምንቱ ሐሙስ እንድመጣ፣ የሸሸኋቸውን ቦታዎች ከቀላሉ ጀምሬ አንድ በአንድ እንድመለስባቸው ነገረኝ። መጀመሪያ ከቆጡ መውረድ። ትምህርት ቤቱንም ሳልዘገይ።

እዚህ ላይ «ዳንኩ» የሚል ሰው እጠራጠራለሁ። እኔ ዛሬም ይመጣብኛል። ባለፈው ሳምንት ባንክ ቤት ወረፋ ላይ መጥቷል። ግን ስሙን አውቃለሁ፤ ስሙን የማውቀው ነገር ከኋላዬ ሳይሆን ከጎኔ ነው የሚቆመው። ትንፋሼን አስረዝማለሁ፤ እግሬ መሬት ላይ መሆኑን አያለሁ፤ ያልፋል። አንዳንዴ ቶሎ አያልፍም።

ከገና በኋላ ከእናቴ ጋር ትምህርት ቤት ሄድን፣ በእግራችን። ዩኒት ሊደሯ ቢሮ ውስጥ ሌሎች አምስት ስድስት ወላጆች ተሰልፈዋል። ተራችን ሲደርስ ዝርዝሩን ከፍታ የቀረሁበትን ቀን በእስክሪብቶ ነካ ነካ አደረገች።

«ሃያ አንድ ቀን። ምን ሆና ነው?»

«ምች መቷት ነው» አለች እናቴ ወዲያው።

«ምች ሃያ አንድ ቀን? እናቴ፣ እዚህ የሚመጣው ሁሉ ምች ነው የሚለው። ሱቅ ስታሠሯቸው ሰንብታችሁ ነው። የሐኪም ወረቀት አለ?»

ወረቀቱ እናቴ ቦርሳ ውስጥ ነበር። አላወጣችውም። ወረቀቱ ላይ የክፍሉ ስም ተጽፏል፤ ከኋላችን ሰው አለ። እጇን ቦርሳዋ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች። ዩኒት ሊደሯ ዝርዝሩን ልትዘጋ ነው።

«ቲቸር» አልኩ። ድምፄ ተሰነጠቀ። «ጭንቀት የሚባል ሕመም ነው ያመመኝ። ጤና ጣቢያ፣ የአእምሮ ጤና ክፍል እየታከምኩ ነው። ወረቀቱ አለ።»

ከኋላዬ አንድ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። እናቴ ሳታየኝ ወረቀቱን አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ዩኒት ሊደሯ አነበበችው። ለምን ይሁን አላውቅም፣ ቀና ስትል ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር።

«ሐሙስ ሐሙስ ቀጠሮ አለሽ?»

«ከሰዓት በኋላ ነው።»

«ስትወጪ እኔን እየነገርሽ ውጪ። ፈተናው በሁለት ሳምንት ነው፤ ደብተር ተዋሺና ጻፊ። ግቢ።»

ገባሁ። ክፍል ውስጥ ወንበሬ ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጣ አገኘኋት፤ ኋላ ሄድኩ። ልቤ እየመታ ሦስት ክፍለ ጊዜ ተቀመጥኩ። አራተኛውን አልቻልኩም፤ ሽንት ቤት አሳለፍኩት።

እናቴ ግን አላናገረችኝም። በአባቴ አጥንት ምዬ አፍርሻለሁ። ሦስት ቀን «ብዪ»፣ «ተኚ»፣ «በሩን ዝጊ» ብቻ ነው። ቢሮው ውስጥ ከነበሩት ወላጆች አንዷ ሸማ ተራ ዘመድ ነበራት መሰለኝ፣ ወሬው ከእኛ ቀድሞ ነበር የገባው። ጋሼ ሲያዩኝ ስለ ጨጓራ ማውራት ትተዋል። ሐሙስ ስትቃረብ ብቻዬን መሄድ እንዳለብኝ አሰብኩ፤ ብቻዬን ደግሞ መሄድ አልችልም። እሷ ካልወሰደችኝ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

ረቡዕ፣ ከትምህርት ቤት ተመልሼ ሱቅ ውስጥ ሳለሁ፣ ከታችኛው ተራ አንዲት ሴት መጣች። ነጠላ እያገላበጠች ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ግን እኔ እንድሰማ አድርጋ።

«ሰማሁ፣ እህቴ። ለልጅሽ ብዬ ነው። እንደዚያ የሚባል ክፍል የገባች ልጅ ነገ ማን ያገባታል?»

እናቴ ልብስ ማጠፏን አላቆመችም። «ነጠላ ልትገዢ ነው የመጣሽው?»

«አይ፣ እኔማ ዝም ብዬ...»

«እንግዲያው ብርሃኑን አትከልይኝ።»

ሴትዮዋ ሄደች። እናቴ ቀጣዩን ነጠላ አነሣች።

በማግስቱ ከሰዓት፣ ገበያ በሞቀበት ሰዓት፣ የሱቁን በር ስትስበው ድምፁ ተራውን ዞሮ መጣ። ሸማ ተራ ውስጥ ከበዓል በፊት በቀን ሱቅ የሚዘጋ ሰው ወይ ለቅሶ አለበት ወይ እሳት። ሰው ቀና ቀና አለ።

«ተነሽ። ሰዓቱ እየሄደ ነው።»

«መሐላውን አፍርሼዋለሁ እኮ» አልኩ።

«እሱን ከአባትሽ ጋር ትነጋገሪያለሽ። ጫማሽን አድርጊ።»

በሩን ቆለፈች፤ ፌስታልም አልያዘች። ባዶ እጇን፣ በተራው መሃል፣ ከፊቴ ቀድማ መንገድ ጀመረች፤ ጉልበቷን እንደሚያማት ሰው ሳይሆን ዕቃ እንደሚያመልጠው ሰው እየተራመደች። ልቤ ይመታል። ተከተልኳት።